«ወለል»፣ «ሸክላ»፣ «ደለል»፦ በባሕር ዝቃጭ ጥናት የአማርኛ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

1. የሂሱ መነሻ

አንድ ሙያዊ ቃል ለብቻው ሲታይ የተዋጣለት መስሎ፣ ከሌሎች የሙያው ቃላት ጋር በአንድ ዐረፍተ ነገር ሲሰለፍ ግን አንባቢን ሊያሳስት ይችላል። በአገራችን የስያሜ ሥራ እስካሁን የተለመደው አካሄድ የውጭውን ቃል በፊደል ተራ አስቀምጦ ከፊት ለፊቱ አንድ የአማርኛ አቻ መጻፍ ነው። በ1964 ዓ.ም. የተቋቋመው የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚና እርሱን የተኩት ተቋማት በዚህ መንገድ ትልቅ ሥራ ሠርተዋል፤ በ1989 ዓ.ም. የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላትም የዚሁ ድካም ፍሬ ነው። ይሁን እንጂ ሳይንስ የሚጻፈው በዝርዝር ሳይሆን በዐረፍተ ነገር ነው። ስለዚህ ስያሜዎች ተሰባስበው በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲሠሩ ምን ያህል እንደሚያስኬዱ መመርመር ይገባል እንላለን።

ለምርመራችን የመረጥነው ከባሕር በታች በተከማቹ ዝቃጮች ውስጥ ያሉትን ማዕድናት በመመርመር የጥንቱን ዘመን የአየር ንብረት ማጥናትን ነው። ጉዳዩ የባሕር በር ለሌለው አገር ሩቅ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን እንደምናሳየው የጥናቱ አንዱ ዋና ምንጭ የኢትዮጵያ ደጋ አፈር ነው። በምሳሌነትም በምዕራብ ሸዋ ከአምቦ በስተሰሜን የምትገኘውን የግንደበረት ወረዳ ዋና ከተማ ካቺሲንና ከእርሷ ቁልቁል ያለውን የዓባይን ሸለቆ እንይዛለን። አሁን በጽሑፍ በተለመዱት ስያሜዎች የጥናቱን ፍሬ ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር እንጻፍ ብንል የሚከተለውን እናገኛለን፦

«በባሕር ወለል ደለል ውስጥ የሚገኙ የሸክላ ማዕድናት ለጥንታዊ የአየር ንብረት ጥናት መረጃ ናቸው።»

በሰዋስው በኩል ስሕተት የለበትም። በትርጉም በኩል ግን «ወለል»፣ «ደለል»፣ «ሸክላ»፣ «ማዕድን»፣ «ጥንታዊ» እና «መረጃ» የሚሉት እያንዳንዳቸው ሳይንሱ የሚለያያቸውን ሁለትና ከዚያም በላይ ነገሮች በአንድነት የያዙ ናቸው። አንዱ ቃል ብቻ ቢያሻማ ዐውዱ ሊያቃናው ይችላል። ስድስቱ በአንድነት ሲያሻሙ ግን ዐውድ የሚባለው ራሱ ከአሻሚ ቃላት የተሠራ ስለሚሆን የሚያቃና አይገኝም።

2. ሳይንሱ የሚለያያቸው ነገሮች

ቃላቱን ከመመርመራችን በፊት የሚሰየሙትን ነገሮች ማወቅ ተገቢ ነው። አለት በዝናብና በሙቀት ሲበሰብስ በውስጡ የነበሩት ማዕድናት ፈርሰው በአፈር ውስጥ አዳዲስ ደቃቅ ማዕድናት ይፈጠራሉ። የትኛው ማዕድን እንደሚፈጠር የሚወስኑት በተለይ የአለቱ ዓይነትና የአካባቢው የአየር ንብረት ናቸው። ሙቀትና ዝናብ በርትቶ ውሃው አፈሩን ሲያጥበው ካኦሊናይት ይበዛል። ብርድ ወይም ድርቅ ባለበት፣ አለቱ ሳይበሰብስ በሚሰባበርበት አገር ኢላይትና ክሎራይት ይበዛሉ። ክረምትና በጋ በግልጽ በሚፈራረቁበት፣ በተለይም አለቱ እንደ ባዛልት ያለ የእሳተ ገሞራ ውጤት በሆነበት ስፍራ ስሜክታይት ይፈጠራል። እነዚህ ደቃቅ ቅንጣቶች በወንዝና በነፋስ ተጉዘው ባሕር ይገባሉ፤ ቀስ በቀስም ይረጋሉ። ፒየር ቢስካይ እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣው ጥናት በአትላንቲክ ውቅያኖስ ካኦሊናይት ወደ ምድር ወገብ አካባቢ፣ ክሎራይት ደግሞ ወደ ዋልታዎቹ እንደሚበዛ አሳየ። ከባሕር በታች ያለው ጭቃ የየብሱን አየር ንብረት እንደሚናገር ከዚህ በኋላ በሰፊው ታወቀ።

የኢትዮጵያ ድርሻ በምሥራቃዊው ሜድትራንያን ይታያል። የደጋችን ባዛልት አብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ነው። ከዚህ ባዛልት የሚወጣውን አፈር ዓባይና አትባራ ይዘውት ይወርዳሉ፤ ታላቁ ናይል ግድቦች ሳይሠሩበት ከሚሸከመው ዝቃጭ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የሁለቱ ነበር። ስለዚህ ከናይል አፍ ፊት ለፊት ባለው የባሕር ጭቃ ውስጥ ስሜክታይት ይበዛል፤ ከሰሐራ በነፋስ የሚመጣው አቧራ ግን ካኦሊናይት፣ ኢላይትና ፓሊጎርስካይት ይዞ ይመጣል። የሁለቱ ድርሻ በየንብርብሩ ሲለካ ደጋው የዘነበበት ዘመንና በረሃው የሰፋበት ዘመን ይለያሉ።

የስዊድን መርከብ አልባትሮስ እ.ኤ.አ. በ1947 እና 1948 ባደረገችው ጉዞ ከሜድትራንያን በታች በረጅም ቱቦ ከተወሰደው ጭቃ ውስጥ ሳፕሮፔል የተባሉ ጥቋቁር ንብርብሮች ተገኙ። ማርቲን ሮሲኞል ስትሪክና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1982 እነዚህን ንብርብሮች ከአፍሪካ ዝናብና ከናይል ሙላት ጋር አያያዟቸው፦ የዓባይ ሙላት በባሕሩ ላይ ቀላል ጣፋጭ ውሃ ሲያነጥፍ፣ ከታች ያለው ውሃ አየር አጥቶ ሕይወት ያለው ነገር ቅሪት ሳይበሰብስ ይቀራል፤ ጭቃውም ይጠቁራል። የመጨረሻው ጥቁር ንብርብር የተከማቸው ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ እስከ 6,000 ዓመት ገደማ በፊት ድረስ፣ ሰሐራ ለምለም በነበረበት ዘመን ነው። ከዚህም ጋር ፒተር ዲሜኖካል እ.ኤ.አ. በ1995 ከአፍሪካ ዳርቻዎች በተወሰዱ የባሕር ዝቃጮች ውስጥ ያለውን የአቧራ መጠን ተመልክቶ፣ የአፍሪካ አየር ንብረት ከ2.8፣ ከ1.7 እና ከ1 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ወደ ድርቀት ማዘንበሉን ገልጿል። የሰው ዘር የተገኘበት ምድር ዝናብ ታሪክ በከፊል የተጻፈው እንግዲህ ከምድሩ ውጭ፣ በባሕር ሥር ነው።

3. «ወለል»፦ ገጽ ወይስ መረገጫ?

በዐረፍተ ነገራችን የመጀመሪያው እንቅፋት «የባሕር ወለል» ነው። በቤት ቋንቋ ወለል የምንረግጠው የቤቱ መሬት ነው፤ ከዚህ አንጻር የባሕር ወለል ማለት ውሃው የተኛበት መሬት መሆን ይገባዋል። ነገር ግን በመማሪያ መጻሕፍት፣ በጋዜጣና በራዲዮ የአንድ ከተማ ከፍታ ሲነገር «ከባሕር ወለል በላይ ይህን ያህል ሜትር» ይባላል። ስለ ካቺሲም ስለ አምቦም ከፍታ የሚጻፈው በዚሁ አነጋገር ነው። በዚህ አነጋገር ወለል የባሕሩን የላይ ገጽ ይሰይማል። ስለዚህ አንዱ ስም በአማካይ ከ3,600 ሜትር በላይ ጥልቀት የሚለያቸውን ሁለት ነገሮች፣ የውቅያኖስን ጣሪያና የውቅያኖስን ምንጣፍ፣ በአንድነት ይጠራል ማለት ነው።

ይህ እንዴት እንደመጣ ማስረዳት አያስቸግርም። በሂሳብ ትምህርት «የወለል ስፋት» ሲባል ወለል የአንድን አካል ገጽ ያመለክታል፤ «የምድር ወለል» ሲባልም እንዲሁ። በየብስ ላይ ገጽና መረገጫ አንድ ስለሆኑ ቃሉ አላስቸገረም፤ የምድር ገጽ የምንረግጠው ነውና። በባሕር ግን ውሃው በሁለቱ መካከል ገብቶ ለያያቸው፤ ቃሉ ግን ሳይለያይ ቀረ። ስለዚህ ጥፋቱ የአንድ ጸሐፊ ወይም የአንድ ተርጓሚ አይደለም፤ ለየብስ የተሰፋ ቃል ሳይለካ ለባሕር መሰጠቱ ነው።

ጉዳቱን ለማየት ሁለቱን ጽንሰ ሐሳቦች በአንድነት የሚጠይቁ ቦታዎችን እንመልከት። የአፋር ዝቅተኛ ምድር ዳሎልን ጨምሮ ከባሕር ገጽ ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው፤ ቀይ ባሕር በጥንት ጊዜ ገብቶበት ዛጎልና ጨው ትቶበታል። ይህን በተለመደው አነጋገር ብንጽፍ «የጥንቱ የባሕር ወለል ዛሬ ከባሕር ወለል በታች ነው» የሚል እንቆቅልሽ ይወጣል። የዓባይ ሸለቆ ደግሞ ተቃራኒውን ያሳያል። ከካቺሲ አካባቢ ቁልቁል በሚታየው በዚህ ሸለቆ ግድግዳ ላይ፣ ከባዛልቱ በታች፣ በጁራሲክ ዘመን በባሕር ሥር የተከማቹ የኖራ ድንጋይና የጂፕሰም ንብርብሮች በመቶ ሜትሮች በሚቆጠር ውፍረት ተነጥፈዋል። የሙገር ሲሚንቶ የሚሠራውም ከዚሁ ዓይነት የኖራ ድንጋይ ነው። እዚያ የጥንቱ የባሕር መሬት ዛሬ ከባሕሩ ገጽ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይገኛል። «የባሕር ወለል ከባሕር ወለል በላይ ነው» ብለን ለተማሪ ማስረዳት አንችልም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ በዘመናችን ስለ አየር ንብረት ለውጥ በሚወጡ ትርጉሞች «የባሕር ወለል ከፍ እያለ ነው» የሚለው ነው፤ ቃሉን በቤት ትርጉሙ የሚያውቅ አንባቢ የሚረዳው የባሕሩ መሬት እየተነሣ መሆኑን ነው።

መፍትሔው በቋንቋው ውስጥ አለ። ብዙ ጸሐፊዎች «ከባሕር ጠለል በላይ» ይላሉ፤ መልካም አድርገዋል። ጠለል የረጋውንና የጠራውን የውሃ ገጽ ለማመልከት ይስማማል፤ ጠላ ጠለለ ሲባል እንደምንረዳው ሁሉ ጥራቱ ከላይ፣ አተላው ከታች ነው። ስለዚህ ጠለል ለባሕሩ የከፍታ መለኪያ ገጽ ብቻ፣ ወለል ለባሕሩ መሬት ብቻ ይሁን እንላለን። «ከባሕር ወለል በላይ» የሚለው የከፍታ አነጋገር ግን ከመማሪያ መጻሕፍት መውጣት አለበት።

4. ከእሳት በኋላ የወጡ ስሞች

«የሸክላ ማዕድን» የሚለው ስያሜ በተለይ ሊተች ይገባዋል። በአማርኛ ሸክላ ከምንም በፊት የተተኮሰ ነገር ነው፦ ማሰሮው፣ ጋኑ፣ ምጣዱ፣ የግንብ ጡቡ፤ ጥንት ዘፈን የሚቀዳበት ዲስክ እንኳ ሸክላ ተብሏል። ሸክላ ሠሪዋ ከጉድጓድ የምታወጣው ግን ገና ሸክላ አልሆነም፤ የሸክላ አፈር ወይም ጭቃ ነው። ልዩነቱ የስም ብቻ ሳይሆን የተፈጥሮ ነው። ካኦሊናይት ከ500 እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሞቅ በውስጡ የታሰረው ውሃ ይወጣና ሥርዓቱ ይፈርሳል፤ ማዕድኑ ከእንግዲህ ያ ማዕድን አይደለም። ስለዚህ «የሸክላ ማዕድን» ስንል የምንሰይመው ማዕድኑ የጠፋበትን ነገር ነው። ተመራማሪው የሚፈልገው እሳት ያልነካውን ነው፤ ስሙ ግን ከምድጃ የወጣ ነው።

ይህ አጋጣሚ አይደለም፤ በአማርኛ የማዕድን ስሞች ዘንድ ሥርዓት አለው። ኖራ የተቃጠለው ነው፤ ከመቃጠሉ በፊት ያለው የኖራ ድንጋይ ነው። ጀሶ በግንባታና በሐኪም ቤት የምናውቀው ነጭ ዱቄት ነው፤ እርሱም ጂፕሰም ወደ 150 ዲግሪ ሲሞቅ አብዛኛውን ውሃውን አጥቶ የሚሆነው ነው። እንግዲህ ቋንቋችን እነዚህን ነገሮች የሰየመው ከጥቅማቸው፣ ከእጅ ሥራው መጨረሻ ተነሥቶ ነው። ይህ ነውር አይደለም፤ ነገሩን የሚያውቀው ባለሙያው ነበርና። ነውሩ ተርጓሚው የባለሙያውን ቃል ወስዶ የባለሙያውን ጥንቃቄ መተዉ ነው። ግንበኛ ኖራና የኖራ ድንጋይ አያምታታም፤ ሸክላ ሠሪም ሸክላና የሸክላ አፈር አታምታታም። እኛ ግን ለማሳጠር ብለን «አፈር» የሚለውን ጣልነው።

የመፍትሔው አብነት «የኖራ ድንጋይ» ነው። የእሳቱን ስም ይዞ «ድንጋይ» በሚለው ቃል ወደ ተፈጥሮው ይመልሰዋል። በዚሁ መንገድ «የጀሶ ድንጋይ» ለጂፕሰም፣ «የሸክላ አፈር ማዕድን» ለደቃቆቹ ማዕድናት ቤተሰብ ቢሰጥ አንባቢው ያለ ማብራሪያ ይረዳል። ለዚህ ጥናት የጀሶ ድንጋይ ጉዳይ ቀላል አይደለም፤ በዓባይ ሸለቆ ያለው የጂፕሰም ንብርብር የባሕር ውሃ በተንጣለለ ጥልቀት በሌለው ስፍራ ተንኖ ጨው መጣሉን፣ ማለትም በዚያ ዘመን በዚህ አገር ድርቅና ሙቀት መኖሩን የሚያሳይ ነው። ከግንደበረት ግርጌ ባለው ገደል ላይ የሚነበበው ይህ ታሪክ «ጀሶ» ተብሎ ቢተረጎም አንባቢው የሚያስበው የተሰበረ እግር ነው።

የእያንዳንዱን ማዕድን ስም በተመለከተ ግን የውሰት ቃል እንመርጣለን። ካኦሊናይት፣ ስሜክታይት፣ ኢላይት በዓለም አቀፍ ደረጃ የታወቁ ስሞች ናቸው፤ አማርኛ ብናደርጋቸው ተማሪው ሁለት ጊዜ ይማራል። የገበሬው ዕውቀት ግን በፍቺው ውስጥ ሊገባ ይገባል። ስሜክታይት ውሃ ሲያገኝ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሸበሸብ ማዕድን ነው፤ በቤተ ሙከራ ኤትሊን ግላይኮል ጠጥቶ በንብርብሮቹ መካከል ያለው ርቀት ወደ 1.7 ናኖሜትር ሲሰፋ በራጅ ይለያል። በጎጃምና በጎንደር ዋልካ፣ በሸዋ መረሬ፣ በካቺሲና በአካባቢዋ በኦሮምኛ ኮቲቻ የሚባለው በበጋ የሚሰነጠቅ፣ በክረምት የሚያጣብቅ ጥቁር አፈር ይህን ጠባዩን ያገኘው በዋናነት ከዚሁ ማዕድን ነው። እንዲህ ዓይነቱ አፈር በአገራችን 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ እንደሚሸፍን ይገመታል። አንድ መዝገበ ቃላት ስሜክታይትን ሲፈታ «የዋልካ፣ የመረሬ፣ የኮቲቻ አፈር ዋና ማዕድን» ቢል፣ በራጅ የሚታየው ነገር ገበሬው በማረሻው ከሚያውቀው ጋር ይገናኛል። ዋልካ አፈር ነው፤ ስሜክታይት ማዕድን ነው፤ አንዱን በሌላው ስም መጥራት አይገባም። አንዱን በሌላው መፍታት ግን ይቻላል።

5. «ደለል» እና «ማዕድን»

ደለል ወንዝ አምጥቶ የሚያነጥፈው ነው፤ ግድቦቻችንን የሚሞላውም እርሱ ነው። በአፈር ሳይንስ ጽሑፎች ደግሞ አሸዋ፣ ደለል፣ ሸክላ ተብሎ ሲከፈል ደለል ከአሸዋ የደቀቀ፣ ከሸክላ የሻከረ ቅንጣት ማለት ነው። በሥነ ምድር ጽሑፎች በባሕር የረጋው ነገር ሁሉ ደለል ይባላል። በባሕር ሥር ግን የሚረጋው ወንዝ ያመጣው ብቻ አይደለም፤ የነፋስ አቧራ፣ የደቃቅ ፍጥረታት ዛጎል፣ ከውሃው የተለየ ጨው፣ የእሳተ ገሞራ አመድም አለ። የጥናቱ ቁም ነገር ወንዝ ያመጣውን ነፋስ ካመጣው መለየት ሆኖ ሳለ፣ ሁሉንም ደለል ብለን ስንጀምር መልሱን በጥያቄው ውስጥ እንከታለን።

ስለዚህ ለጠቅላላው «ዝቃጭ»፣ ወንዝ ላመጣው «ደለል»፣ ነፋስ ላመጣው «የነፋስ አቧራ» ቢባል ይሻላል። ለቅንጣት መጠን ደግሞ «መጠን» የሚለውን ቃል ጨምሮ «ደለል-መጠን»፣ «ሸክላ-መጠን» ማለት ይቻላል። የመጨረሻው በጣም ያስፈልጋል፤ በአፈር ሳይንስ ከ0.002 ሚሊሜትር የደቀቀ ማንኛውም ቅንጣት፣ የተፈጨ ኳርትዝም ቢሆን፣ በመጠኑ ሸክላ ይባላልና፤ በማዕድንነቱ ግን አይደለም። ዝቃጭ በስድብነት ያገለግላል፣ «ዝቅጠት»ም የምግባር ውድቀትን ያስታውሳል የሚል ቅሬታ ሊነሣ ይችላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ቃል ወደ ሙያ ሲገባ የመንገድ ጠረኑን ይተዋል። በፊዚክስ «ጉልበት» ስንል ጉልበተኛን የሚያስብ የለም።

ማዕድን የሚለው ቃልም በምዕራብ ሸዋ ብቻ ስንት ትርጉም እንዳለው እንመልከት። በአምቦ ውሃ ጠርሙስ ላይ ማዕድን በውሃ የሟሟ ጨው ነው፤ በጤና ትምህርት ሰውነት የሚያስፈልገው ንጥረ ነገር ነው፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቆፍሮ የሚሸጥ ሀብት ነው፤ በሥነ ምድር ብቻ የተወሰነ ኬሚካዊ ቅንብርና የውስጥ ሥርዓት ያለው ተፈጥሯዊ ጠጣር ነው። «የባሕር ወለል ማዕድናት ጥናት» የሚል ርእስ ያነበበ ሰው፣ በዛሬው ጊዜ ስለ ባሕር ሥር ቁፋሮ የሚደረገውን ክርክርም ሰምቶ ከሆነ፣ ወርቅና ኮባልት ፍለጋ መሆኑን ቢገምት አይፈረድበትም። ቃሉን መለወጥ ግን አያስፈልግም፤ ዘመዶቹን መለየት ይበቃል። ለሥነ ምድሩ «ማዕድን» ብቻውን፣ ለሚቆፈረው «የማዕድን ሀብት»፣ ለሚሟሟው «የማዕድን ጨው» ይባል።

6. «ጥንታዊ» እና «መረጃ»

«ጥንታዊ የአየር ንብረት ጥናት» ሲባል ጥንታዊው የአየር ንብረቱ ነው ወይስ ጥናቱ? በአማርኛ ቅጽል ከፊት ስለሚመጣ ሁለቱንም ሊገልጽ ይችላል፤ የቀደሙ ሊቃውንት ስለ ሰማይና ዝናብ ያደረጉት ጥናት ተብሎ ሊነበብ ይችላል። «የጥንት ዘመን አየር ንብረት ጥናት» ቢባል ግን አያሻማም። «ጥንታዊ»ን ለሰው እጅ ሥራ፣ ለጽሑፍና ለሕንጻ ብንተወው ይሻላል።

«መረጃ» ደግሞ የጥናቱን ሕይወት ያጠፋዋል። መረጃ የተሰበሰበ ቁጥር ነው፤ ማዕድኑ ግን የአየር ንብረቱን በቀጥታ አይናገርም፤ ተመርምሮና ተጠይቆ እንጂ። በሌላ ነገር አማካይነት የሚመሰክረውን ነገር ተርጓሚዎች «ወኪል»፣ «አመልካች» ወይም «ጠቋሚ» ይሉታል። እኛ «እማኝ» የሚለውን እናቀርባለን። እማኝ የሚታመነው ስለነበረበት ቦታ ሲናገር ነው፤ ይህም ለማዕድኑ በትክክል ይስማማል። በሜድትራንያን ሥር የተገኘ ስሜክታይት እማኝነቱ ስለ ሜድትራንያን ሳይሆን ስለተፈጠረበት ደጋ ነው። እማኝ ይሳሳታል፣ ያረጃል፣ ከሌላ እማኝ ጋርም ይመዘናል። የሸክላ አፈር ማዕድንም እንዲሁ ነው። በአፈር ውስጥ ለመፈጠር እጅግ ረጅም ጊዜ፣ አንዳንዴም እስከ ሚሊዮን ዓመት ስለሚፈጅ፣ ባሕር የገባው አፈር ከገባበት ዘመን በፊት የነበረን አየር ንብረት ሊናገር ይችላል። ስሜክታይት በባሕር ውስጥ ራሱ ከእሳተ ገሞራ አመድ ሊፈጠርም ይችላል። የወንዙ አካሄድ ሲለወጥም የማዕድኑ ድርሻ ያለ አየር ንብረት ለውጥ ይለወጣል። «መረጃ ናቸው» የሚለው ማሰሪያ ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ይሸፍናል፤ «እማኞች ናቸው» የሚለው ግን ጥያቄውን ክፍት ይተወዋል።

7. ሊነሡ ስለሚችሉ ተቃውሞዎች

አንደኛው ተቃውሞ ባለሙያዎቹ በእንግሊዝኛ ስለሚማሩና ስለሚጽፉ ይህ ሁሉ ድካም ለማን ነው የሚል ነው። መልሳችን ባለሙያው የሚጽፈው ለባለሙያ ብቻ አይደለም የሚል ነው። የአየር ንብረት ትንበያ፣ የግድብ ዕድሜ፣ የአፈር ጥበቃ ለአስተዳዳሪ፣ ለጋዜጠኛ፣ ለገበሬ የሚተረጎሙ ነገሮች ናቸው። የሮዛሪስ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1966፣ የአስዋን ከፍተኛ ግድብ በ1970 ተጠናቀቁ፤ ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም እ.ኤ.አ. በ2025 ተመርቋል። ከግንደበረት ተዳፋት የሚታጠበው አፈር ዛሬ ወደ ባሕር ሳይደርስ በየግድቡ ይረጋል። ያ አፈር ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ምን ያህል እንደሚረጋ በአማርኛም በኦሮምኛም በትክክል መነጋገር የማይቻል ከሆነ ጉዳዩ የሚወሰነው በማይነጋገሩ ሰዎች ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ሁሉንም በውሰት ቃል መተው ይቀላል የሚል ነው። በዚህ ላይ መለኪያችን አንድ ነው፦ ስሙ የአንድ የተወሰነ ነገር መለያ ከሆነ ይወሰድ፤ ነገሮችን የሚያገናኝና የሚለይ ጽንሰ ሐሳብ ከሆነ ግን በቋንቋው ይሰየም። ስሜክታይት መለያ ነው፤ ዝቃጭ፣ ወለል፣ ጠለል፣ እማኝ ግን የማሰቢያ መሣሪያዎች ናቸው። መለያ ቢዋሱት አይጎዳም፤ መሣሪያ የተዋሰ ግን ሁልጊዜ ባለቤቱን ይጠብቃል።

ሦስተኛው ተቃውሞ የተለመደን ስም መለወጥ ያደናግራል የሚል ነው። ይህ ክብደት አለው። ስለዚህም ካቀረብናቸው ስያሜዎች አብዛኞቹ አዲስ ፈጠራ አይደሉም፤ ጠለል፣ የሸክላ አፈር፣ ዝቃጭ፣ እማኝ በሕዝቡ አፍ ያሉ ቃላት ናቸው። የጠየቅነው ቃላቱ እንዲለወጡ ሳይሆን ድንበራቸው እንዲከበር ነው።

8. ማጠቃለያ

ከላይ በተሰጡት ምክንያቶች የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር እንዲህ ቢጻፍ እንመክራለን፦

«በባሕር ወለል ላይ በረጉ ዝቃጮች ውስጥ የሚገኙ የሸክላ አፈር ማዕድናት፣ ስለተፈጠሩበት ምድር የጥንት ዘመን አየር ንብረት የሚመሰክሩ እማኞች ናቸው።»

ከመጀመሪያው ይረዝማል። ርዝመቱ ግን ጌጥ አይደለም፤ የተጨመረው ቃል ሁሉ የሚለየው ነገር አለው። «ወለል» ብቻውን ሊቆም የቻለውም የባሕሩ ገጽ «ጠለል» ተብሎ ከተለየ በኋላ ነው። የስያሜ ኮሚቴዎች ወደፊት አንድን የሙያ ዘርፍ ሲይዙ ቃላቱን አንድ በአንድ ከማጽደቃቸው በፊት፣ ከዘርፉ የተመረጡ አሥር ያህል ዐረፍተ ነገሮችን በታቀዱት ስያሜዎች ጽፈው ለባለሙያውም፣ ለአስተማሪውም፣ ነገሩን በእጁ ለሚያውቀው ገበሬና ሸክላ ሠሪም እንዲያነቡላቸው እናሳስባለን። በዝርዝር ውስጥ ያለፈ ስያሜ በዐረፍተ ነገር ውስጥ ከወደቀ፣ መታረም ያለበት ዐረፍተ ነገሩ ሳይሆን ዝርዝሩ ነው። በዚህ ሐሳብ የማይስማሙ የቋንቋና የሥነ ምድር ባለሙያዎችም የተሻለ ስያሜ ይዘው እንዲሞግቱን እንጋብዛለን።